ወረቀቱ ያለው ያሸንፋል

በአገራችን የፍትሐ ብሔር ችሎት ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ወረቀቱ ያለው ወገን ነው። ወረቀቱ ደግሞ በአብዛኛው ከደካማው ተከራካሪ እጅ አይገኝም። በመሥሪያ ቤት መደርደሪያ፣ በአሠሪ ፋይል፣ በባንክ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ሕጉ ደካማውን «ማስረጃህን ይዘህ ና» ይለዋል፤ ጠንካራውን ግን «የያዝከውን ሁሉ አውጣ» አይለውም። ይህ የአንድ ዳኛ ወይም የአንድ ችሎት ጥፋት አይደለም። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አብሮን የኖረ የሥነ ሥርዓት ሕግ ጉድለት ነው።

ነገሩ ከአዲስ አበባ ሕንፃዎች ይልቅ ከደጋው ሲታይ ጎልቶ ይታያልና ከዘመሮ እንጀምር።

ዘመሮ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። በዚያ ደጋ ኑሮ በገብስና በበግ ላይ ቆሟል፤ ከሁለቱም በፊት ግን መሬት አለ። መንዝ የአጽመ ርስት አገር ነው። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚለው አባባል ለመንዝ ሰው የጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም።

እስቲ አንድ ገበሬ እናስብ። አባቱ ሲያርሱት የኖሩት ማሳ በምዝገባው ጊዜ በአጎቱ ልጅ ስም ተመዘገበ። እሱ ያን ጊዜ ሥራ ፍለጋ አገር ለቆ ነበር። ሲመለስ አረንጓዴው ደብተር የሌላ ሰው ስም ይዞ ጠበቀው። ማሳው ሲመዘገብ ማን ድንበር እንዳሳየ፣ ማን እንደመሰከረ፣ ተቃውሞ ተነሥቶ እንደሆነና እንዴት እንደታለፈ የሚያሳይ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አለ ይባላል። ያለው በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው።

ገበሬው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳል። «የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘህ ና» ይባላል። ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። «ማስረጃህን ከክስህ ጋር አያይዘህ አቅርብ» ይባላል። ማስረጃ ለማግኘት ትእዛዝ ያስፈልገዋል፤ ትእዛዝ ለማግኘት ክስ ያስፈልገዋል፤ ክሱ እንዲቆም ደግሞ ማስረጃ ያስፈልገዋል። በዚህ መሐል ለማመልከቻ ጸሐፊ ይከፍላል፣ አጨዳ ያልፈዋል፣ ነገሩን የሚያውቁት ሽማግሌም ያርፋሉ። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤውን ማንም ሳያየው ክሱ «በማስረጃ አልተደገፈም» ተብሎ ይዘጋል። ይግባኝ ካለ መንገዱ ወደ ደብረ ብርሃን ነው። እዚያም የሚጠየቀው ያንኑ ወረቀት ነው።

ይህ ሰው የተሸነፈው እውነት ስላልነበረው ነው? ማንም አያውቅም። ዳኛውም አያውቁም። ትልቁ ነውር ይህ ነው። ፍርድ ተሰጥቷል፣ ነገሩ ግን አልተመረመረም።

ሕጉ ምን ይላል?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን የማስረዳት ሸክም እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ የትም አገር ያለ መርህ ነው፤ አይነቀፍም። ችግሩ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይህን ሸክም የሚሸከመውን ሰው የሚያግዝበት መንገድ ጠባብ መሆኑ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 ከሳሽ የምስክሮቹን ዝርዝርና የሰነድ ማስረጃውን ከክሱ ጋር እንዲያቀርብ ያዛል። ሰነዱ በእጁ ከሌለ በማን እጅ እንዳለ እንዲገልጽ ይጠይቀዋል። ቁጥር 234 ተከሳሹን ተመሳሳይ ነገር ያዘዋል። ቁጥር 137 እና 256 ደግሞ በጊዜው ያልቀረበ ወይም ያልተጠቀሰ ማስረጃ፣ በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ በኋላ እንዳይገባ በሩን ይዘጋሉ።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገኖች እንዲዘረዝሩ የሚጠየቁት የሚጠቅማቸውን ማስረጃ ነው። በራሱ ላይ የሚመሰክርበትን ሰነድ በገዛ ፈቃዱ የሚዘረዝር ተከሳሽ የት አለ? ያን ሰነድ ከሳሹ እንዲጠቅሰው ይጠበቃል። ከሳሹ ግን ሰነዱን አይቶት አያውቅም። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የፈረመበትን ሰው አያውቅም። መኖሩን የሚያውቀው በወሬ ነው። ያላየውን ወረቀት በስሙ ጠርቶ እንዲያስቀርብ ይጠየቃል።

የሕጉ ጠበቃ ነኝ የሚል «ቁጥር 145 አለልህ» ይላል። አዎ፣ አለ። ፍርድ ቤቱ በራሱ ተነሣሽነት ወይም በተከራካሪ ጥያቄ ከሌላ ፍርድ ቤት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ማስቀረብ ይችላል። ጠያቂው ግን መዝገቡ ለጉዳዩ አስፈላጊ መሆኑን፣ ግልባጩንም ያለ ብዙ ወጪና መጓተት ራሱ ማግኘት እንደማይችል በቃለ መሐላ ማስረዳት አለበት። ትእዛዙ የሚሰጠው ዳኛው ሲያምኑበት ነው። ካላመኑበትስ? ቁጥር 320 ማስረጃ ይግባ አይግባ በሚል በክርክር መሐል በተሰጠ ትእዛዝ ላይ ወዲያው ይግባኝ ማለትን ይከለክላል። ቅሬታው የሚነሣው ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ነው። የዘመሮው ገበሬ ቃለ ጉባኤው አልቀረበልኝም ብሎ ለመጮኽ መጀመሪያ መሸነፍ አለበት ማለት ነው።

ጉዳቱ የገበሬ ብቻ አይደለም

ከሥራ የተባረረ ሠራተኛን እንውሰድ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን መረጃ፣ የዕረፍትና የፈቃድ ቀኖቹን ጭምር፣ መዝግቦ የመያዝ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። እንግዲህ የትርፍ ሰዓት ክፍያዬ ቀረብኝ የሚለው ሠራተኛ የሚያስፈልገው መዝገብ በከሰሰው ሰው ጠረጴዛ ውስጥ ነው።

ባለዕዳን እንውሰድ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ግምቱን ያወጣው ባንኩ፣ ጨረታውን ያካሄደው ባንኩ፣ ቃለ ጉባኤውን የያዘው ባንኩ ነው። ቤቴ ያለ ዋጋው ተሸጠ ብሎ ካሳ የሚጠይቀው ሰው የሚሟገተው ሙሉ ማኅደሩን በቁልፍ ካስቀመጠው ተቋም ጋር ነው።

የምትፋታ ሴትን እንውሰድ። ባልዋ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ እየተመላለሰ ይነግዳል። ገንዘብ እንዳለ ታውቃለች፤ በየትኛው ባንክ፣ በየትኛው ቅርንጫፍ፣ በማን ስም እንደተቀመጠ አታውቅም። የጋራ ንብረት ይካፈል ስትል «ዝርዝሩን አቅርቢ» ትባላለች። የተደበቀባትን ነገር ራስዋ እንድትዘረዝር ትጠየቃለች።

መሬቱ ለልማት የተወሰደበት ሰውም እንዲሁ ነው። ካሳው የተሰላበት የግምት ሰነድ ካሳውን ከቀነሰበት ቢሮ ነው ያለው።

አንድ ሌላ ጉዳት አለ፤ በአደባባይ እምብዛም አይነገርም። ሰነድ በሕግ በር ካልወጣ በጓሮ በር ይወጣል። ዘመድ ያለው በዘመዱ፣ ገንዘብ ያለው በገንዘቡ ግልባጩን ያገኛል። ሕጉ «አውጣ» ብሎ ባለማዘዙ የፋይል ክፍል ሠራተኛውን ከዳኛው በላይ ባለሥልጣን አድርጎታል። ስለ ፍርድ ቤት ሙስና ብዙ ይወራል፤ ነገር ግን ብዙው ብልሽት ችሎቱ ከመከፈቱ በፊት በመዝገብ ቤት መስኮት ላይ ያልቃል።

አውጫጭኝ የነበረው ሕዝብ

ነገሩን የሚያሳዝነው ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ባዕድ አለመሆኑ ነው። በድሮው ሥርዓት ወንጀል ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰብና የሚያውቀውን እስኪያወጣ ድረስ አይበተንም ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባላል። አሠራሩ ጨካኝ ነበር፤ ንጹሑንም ከበደለኛው ጋር ከሥራው ያስፈታ ነበር። ይመለስ የሚል የለም። ከሥሩ ያለው እምነት ግን ትክክል ነበር፤ የሚያውቅ ሰው ዝም የማለት መብት የለውም የሚል።

በንብረትና በርስት ሙግትም ተጠየቅና በላ ልበልሃ ነበሩ። ተሟጋቾች ነጠላ ለነጠላ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ፊት ለፊት ይመልሳል። ጥያቄን ሸሽቶ ማሸነፍ ነውር ነበር። ዛሬ ግን ተከሳሹ «ክሱ በማስረጃ አልተደገፈም» ብሎ ሁለት ገጽ መልስ ይጽፍና ማስረጃውን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ይቀመጣል። ሕጉም አይነካውም።

የ1958ቱ ሕግ ሲረቀቅ ብዙ ድንጋጌዎች የተወሰዱት እ.ኤ.አ. ከ1908ቱ የሕንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የሕንዱ ሕግ ተከራካሪዎች አንዱ ለሌላው የጽሑፍ ጥያቄ የሚያቀርቡበትና የያዙትን ሰነድ በቃለ መሐላ የሚገልጡበት ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ አሥራ አንደኛው ትእዛዝ ይባላል። ወደ እኛ ሲሻገር ያ ክፍል ቀረ። ቤቱን ገልብጠን በሩን ረሳነው ማለት ይቻላል።

ሌላው ዓለም እንዴት ይሠራል?

እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ይህን ሥርዓት ዲስከቨሪ ይለዋል። በአማርኛ «የማስረጃ መግለጥ ግዴታ» ብንለው ይገልጸዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣችው የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ከዋናው ክርክር በፊት እያንዳንዱ ወገን ለሌላው ሰነድ እንዲያሳይ፣ ለጽሑፍ ጥያቄ በመሐላ እንዲመልስ፣ ሠራተኞቹንና ምስክሮቹን አቅርቦ እንዲያስጠይቅ ታደርጋለች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ ይበልጥ በተገደበ መልኩ ተከራካሪው የሚተማመንበትን ብቻ ሳይሆን የራሱን ክርክር የሚጎዳውን ሰነድ ጭምር እንዲገልጥ ታስገድዳለች። የኮመን ሎው አገር ያልሆነችው ፈረንሳይ እንኳ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ማስረጃ እንዲጠበቅ ወይም እንዲወጣ ዳኛ የሚያዝበት ድንጋጌ አላት። ቁጥሩም፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ 145 ነው።

የዚህን ሥርዓት ጉልበት ኢትዮጵያውያን በከባድ ሐዘን አይተውታል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች ሞቱ። የሟች ቤተሰቦች ቦይንግን ቺካጎ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። እዚያ ማንም «የአውሮፕላኑን የዲዛይን ሰነድ ይዛችሁ ኑ» አላላቸውም። ሰነዱ በቦይንግ እጅ እንዳለ ይታወቃል፤ ስለዚህ የማውጣት ግዴታውም የቦይንግ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ኩባንያው ለካሳው ክርክር ኃላፊነቱን በጽሑፍ አመነ። አውሮፕላኑ አደገኛ ጉድለት እንደነበረበት ተቀበለ፤ ጥፋቱንም በአብራሪዎቹ ላይ ማላከክ ተወ። የኩባንያው ሰነዶች በአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ ጭምር ወጥተው ነበርና ሁሉንም ውጤት ለአንድ ሥርዓት መስጠት አይቻልም። ያ እምነትም ቢሆን ስለ ጥፋቱ በችሎት ሊደረግ የነበረውን ተጨማሪ ምርመራ አጥብቦታል። ቢሆንም አንድ ጥያቄ ይቀራል። እነዚያ ቤተሰቦች በእኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ ብቻ ቢሟገቱ ኖሮ የትኛውን ሰነድ በስሙ ጠርተው ያስቀርቡ ነበር?

ተቃውሞዎቹ

«ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ሙግት ያስወድዳል» የሚሉ አሉ። የአሜሪካው ዲስከቨሪ ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ አሜሪካውያንም ያማርሩበታል። ለዚህም ነው ገደብ ያበጁለት። የጽሑፍ ጥያቄ ከ25፣ ከችሎት በፊት የሚጠየቁ ሰዎች ከ10 እንዳይበልጡ፣ የሚጠየቀው ነገርም ከጉዳዩ ክብደት ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይደነግጋሉ። ለዘመሮ የሚያስፈልገው ከዚያም ያነሰ ነው። የአንድ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ስንት ብር ያወጣል? ገበሬው ለሰባት ቀጠሮ የሚያወጣው የመንገድና የአበል ወጪ ይበልጣል።

«ማስረጃ የሌለው ሁሉ ክስ እየመሠረተ የሰው ጓዳ ይበረብራል» የሚሉም አሉ። ተገቢ ስጋት ነው። መልሱ ግን በሩን መዝጋት ሳይሆን በረኛ ማቆም ነው። ዳኛው ጥያቄው ከጭብጡ ጋር ግንኙነት እንዳለው ይመዝናሉ፤ የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር፣ የሰው የግል ገመና፣ የንግድ ምስጢር ይጠበቃል። ዛሬም በቁጥር 145 የሚመዝኑት ዳኛው ናቸው። ልዩነቱ ዛሬ መግለጥ ችሮታ ነው፤ ነገ ግን መግለጥ መርህ፣ መከልከል ደግሞ ምክንያት የሚጠየቅበት መሆን አለበት።

«የመረጃ ነጻነት አዋጅ አለ» የሚልም አይጠፋም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ባንክን፣ የግል አሠሪንና ባልን አይነካም። የሚመራበት ጊዜም የችሎት ቀጠሮ አይጠብቅም።

በመጨረሻ «አሁን በክልሉ ባለው ሁኔታ የዚህ ነገር ጊዜው ነው?» የሚል ይመጣል። አዎ፣ ጊዜው አሁን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በብዙ ወረዳዎች የመሥሪያ ቤትና የፍርድ ቤት ሥራ ተስተጓጉሏል። መዝገብ ለአደጋ በተጋለጠ ቁጥር ቀሪውን ግልባጭ የያዘ ሰው ጉልበት ይጨምራል። ነገ ሰላም ሲወርድ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መሬቱ ነው። ያን ጊዜ «ፋይሉ ጠፍቷል» የሚለው ቃል ስንት ሰው ከርስቱ እንደሚነቅል ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ሲሻሻል እያንዳንዱ ተከራካሪ በእጁ ያለውንና ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ያለውን ሰነድ፣ የሚጎዳውንም ጨምሮ፣ በቃለ መሐላ የመግለጥ ግዴታ ይጣልበት። ሁለተኛ፣ መዝገብ እንዲይዙ ሕግ የሚያስገድዳቸው ወገኖች፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት፣ አሠሪ፣ ባንክ፣ መድን ድርጅት፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው በተወሰነ ቀን ውስጥ ግልባጭ ይስጡ። ሦስተኛ፣ ሰነድ የደበቀ፣ ያጠፋ ወይም ያለ ምክንያት የከለከለ ወገን ሰነዱ በእሱ ላይ እንደሚመሰክር ይቆጠርበት። ይህ ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ ምኞት ሆነው ይቀራሉ። ወረቀት ማጥፋት የሚያተርፍ ከሆነ ወረቀት ይጠፋል።

ሕግ እስኪሻሻል ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ዳኞች ዛሬ ባለው ሕግ ብዙ መሥራት ይችላሉ። ቁጥር 145 አለ። ጭብጥ በትክክል ለመያዝ ያልቀረበ ሰነድ መታየት ካለበት ቁጥር 249 ሰነዱን የያዘውን ሰው ለማስገደድ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። በቁጥር 241 ተከራካሪዎችን በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው መጠየቅ ይችላሉ። «ይህ ቃለ ጉባኤ በእጅህ አለ ወይስ የለም?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ምን ይከለክላል? ጥያቄውን ውድቅ ሲያደርጉም ምክንያቱን በመዝገቡ ላይ ይጻፉ፤ ይግባኝ የሚያየው ፍርድ ቤት የሚመዝነው ነገር ያግኝ። የሰበር ሰሚው ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ አንድ ጥርት ያለ ውሳኔ ብዙ ወረዳዎችን ይደርሳል። ጠበቆችም «ማስረጃ ይቅረብልኝ» የሚለውን ጥያቄ በክሱ መጨረሻ እንደ ልማድ ከመወርወር ይልቅ የትኛው ሰነድ፣ በማን እጅ፣ ለየትኛው ጭብጥ እንደሚያስፈልግ ለይተው ይጻፉ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት አለው ይላል። ይህ ለወንጀል ተከሳሽ የተሰጠ መብት ነው፤ ተገቢም ነው። አንቀጽ 37 ደግሞ ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል። ጉዳዩን አቅርብ ተብሎ ጉዳዩን የሚያስረዳው ወረቀት ከተቆለፈበት ያ መብት የችሎቱን ደጃፍ ከመርገጥ አያልፍም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ንጋት ይጠራል፤ የሚቆልፈው የለም። የተቆለፈ ፋይል ግን እያደር ይሻግታል እንጂ አይጠራም። ቁልፉን ለያዘው «ክፈት» የሚል ሕግ ያስፈልጋል።